ሩሐማ ያሳጠረችው ንግግር

«ይህን አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ከየት አገኘሽው?» አሉ የሳይንስ ውድድሩ ዳኛ በእንግሊዝኛ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወደ ፖስተሩ ጠጋ እያሉ።

ሩሐማ ጥያቄው እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ በሩን ዘግታ ስትለማመደው ነው የሰነበተችው።

«የጨረቃ ሠንጠረዥ ሳይ ነው» አለች። «ጨረቃ ሙሉ የምትሆንባቸው ቀኖች በየአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ወደነበሩበት ይመለሳሉ። እሱን ሳስተውል ቀመሩን ሠራሁት።»

«ራስሽ?»

«አዎ፣ ራሴ።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ዳኛው ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው ወረቀታቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው፤ ከሌላው ጠረጴዛ ሁሉ ይልቅ እዚህ መቆየታቸውን ሩሐማ ልብ ብላለች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እሷ ግን ቶሎ በሄዱልኝ ትላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሩሐማ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ታከር በምትባል የባሕር ማዶ ከተማ ዘጠነኛ ክፍል ትማራለች። አሥራ ዘጠኝን ያገኘችው ከሠንጠረዥ አይደለም። ስምንት ዓመቷ ሳለ አባቷ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪና እየነዳ ነው ያስተማራት። ሌላው አባት ራዲዮ ይከፍታል፤ የእሷ አባት «ዓመተ ዓለሙን ለአሥራ ዘጠኝ አካፍዪና ቀሪውን ያዢ» ይላል። ከቀሪው አንድ ቀንሰሽ፣ በአሥራ አንድ አባዝተሽ፣ ሠላሳ ሠላሳውን ስትጥዪ የሚተርፍሽ አበቅቴ ነው። እንዲህ እያለ ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ በየትኛው ቀን እንደሚውል እስከማውጣት ይደርሳል። ባሕረ ሐሳብ የሚባለው የቤተ ክርስቲያን ቁጥር ይህ ነው። አባቷ መሪጌታ ንዋይ በሳምንቱ ቀናት መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚባለውን የዕቃ ማንሻ ይነዳል፤ ቅዳሜና እሑድ ቤተ ክርስቲያን ያገለግላል። ቀይ መብራት አረንጓዴ እስኪሆን የመጪውን ዓመት ፋሲካ ያለ ወረቀት አውጥቶ ይጠብቃል።

የሩሐማ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ቀመሩን ኮምፒውተር ላይ ጻፈችው፤ የአንድ ሺህ ሰባት መቶ ዓመት ቀኖችን አስወጣችውና ከእውነተኛዋ ጨረቃ ጋር አስተያየችው። ቀመሩ በየሦስት መቶ ዓመቱ አንድ ቀን ገደማ እየዘገየ፣ ዛሬ አምስት ቀን ያህል ወደ ኋላ ቀርቷል። ይህን ማንም አልነገራትም። ሁለት ወር ሙሉ ዓይኗ እስኪቀላ ለፍታ ያገኘችው የራሷ ነው።

ታዲያ ለምን ዋሸች? ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ የምድርን ዕድሜ ከመጽሐፍ ቅዱስ ትውልዶች ደምሮ ክፍል ውስጥ አቅርቦ ነበር። «ማስረጃህስ?» ሲባል ዝም አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ሩሐማም ከሳቁት አንዷ ነበረች። ቤተ ክርስቲያንና ሳይንስ በአንድ በር እንደማይገቡ የዚያን ቀን ደመደመች። በሰንበት ትምህርት ቤት ደግሞ ዲያቆን ኢዮሲያስ «ሳይንስ ይለዋወጣል፤ እምነት አይለወጥም» ሲል ሰማችና የአምስት ቀኑን ነገር ለአባቷ መንገር ፈራች። እዚያም ዝም፣ እዚህም ዝም። የውድድሩ ፎርም ላይ «የረዳሽ ሰው ወይም የዕውቀትሽ ምንጭ» በሚለው መስመር ፊት ለፊት «የለም» ብላ ጻፈች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ ዳኛው። «ይህን የአምስት ቀን መዘግየት ካንቺ በፊት ያስተዋለ ሰው ይኖር ይሆን? ማለቴ ያለ ኮምፒውተር፣ ሰማዩን አይቶ ብቻ?»

«አይመስለኝም» አለች።

ቃሉ ከአፏ ወጥቶ ሳያልቅ በአዳራሹ በር የሚገባውን ሰው አየችው። አባቷ ነው።

ወላጆች የተጋበዙት ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ነበር። ሩሐማ ለአባቷ የነገረችው ግን አሥር ሰዓት ብላ ነው፤ በአሥር ሰዓት ዳኞቹ ጨርሰው ይሄዳሉ። እሱ እንደሆነ ከቀጠሮ ቀድሞ መድረስ ልማዱ ነው። ነጭ ጥምጥሙን እንደጠመጠመ፣ ጥቁር ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ከሥር ደግሞ ለመጋዘን ሥራ የገዛውን ነጭ ስኒከር አድርጎ በጠረጴዛዎቹ መሐል እየተሽሎከለከ መጣ። ሁለት ልጆች ዞር ብለው ጥምጥሙን አዩ። ሩሐማ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ቅዳሴው ቶሎ አለቀልኝ፤ በዚያው መጣሁ» አለ እየሳቀ። ከዚያ ለዳኛው ሁለት እጁን ዘርግቶ ጎንበስ አለ። «ሃው አር ዩ፣ ሰር።»

ዳኛው በደስታ ጨበጡት። አባቷ ወደ ፖስተሩ ዞረ። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ይከብደዋል፤ ቁጥር ግን በየትኛውም አገር ቁጥር ነው። ጣቱ አሥራ ዘጠኝ ላይ አረፈ። ወደ አሥራ አንድ ሄደ። ወደ ሠላሳ ሄደ። ከዚያ በግራፉ ላይ ቀስ እያለ የሚወርደውን ቀይ መስመር እስከ አምስት ድረስ ተከትሎ ቆመ።

«ሩሐማዬ!» አለ። ድምፁ ከፍ ብሎ ስለወጣ የጎረቤት ጠረጴዛዎች ሁሉ ዞሩ። «አበቅቴ ነው እኮ! ይሄ ደግሞ የጨረቃዋ መቅደም ነው። አንቺ ነሽ ያገኘሽው?»

«ምን እያሉ ነው?» አሉ ዳኛው ፈገግ ብለው።

«ልናገር? እስቲ አስተርጉሚልኝ» አለ አባቷ፤ መልሷንም አልጠበቀም። ጉሮሮውን ጠራረገ፣ በጉባኤ ፊት እንደሚቆመው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ይህ ቁጥር ዛሬ የተገኘ አይደለም በያቸው። ቅዱስ ድሜጥሮስ የደነገገው ነው፤ እኛም በትውፊት የተቀበልነው ነው። እኔ የተማርኩት ጎጃም፣ ከየኔታ መክብብ እግር ሥር ሁለት ክረምት ተቀምጬ ነው። ታዲያ አንድ ጊዜ፣ በሐሳበ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ዕለት ቀና ብዬ ሳያት ጎድላ አገኘኋት። በዓመቱም አየሁ፤ ያው ነው፤ አራት አምስት ቀን ቀድማናለች። ፈራሁ። ጠየቅኳቸው። የኔታም ‹አውቃለሁ› አሉኝ። ‹አባቶች ሲቆጥሩ ልክ ነበረች፤ ቀስ እያለች ነው የቀደመችን። እኛ የምንቆጥረው ምእመኑ በአንድ ቀን እንዲጾም፣ በአንድ ቀን እንዲፈስክ ነው፤ ጨረቃን ልናዝዛት አይደለም። እሷን ማወቅ የፈለገ ቀና ብሎ ይያት። ቀና ማለት ኃጢአት አይደለም› አሉኝ።» እዚህ ላይ እጁን የሩሐማ ትከሻ ላይ ጣለ። «እኔ በዓይኔ ብቻ ያየሁትን፣ ስንት እንደሆነ አስልቼ የማላውቀውን፣ ልጄ ቆጠረችው በያቸው።»

ጨረሰ። ዳኛው ወደ ሩሐማ ዞሩ።

የጠየቁት ጥያቄ መልስ ይኸው ነበር። ያለ ኮምፒውተር፣ ሰማዩን አይቶ ያስተዋለው ሰው ጥምጥም አድርጎ አጠገባቸው ቆሟል። ሩሐማ ይህን ብትናገር «ራሴ ሠራሁት» ያለችው ከየት እንደመጣ ይታወቃል። በዚያ ላይ ቤተ ክርስቲያን የሚለው ቃል ከአፏ መውጣቱ ነው።

«በጣም ኮርቶብኛል ነው የሚለው» አለች በእንግሊዝኛ። «ሂ ኢዝ ቬሪ ፕራውድ።»

ዳኛው ሳቁ፤ የአባቷን እጅ ደግመው ጨበጡ፤ «ሊኮሩባት ይገባል» ብለው ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፉ። አባቷ ግን አሁንም ቆሞ ይጠብቃል። ስለ የኔታ መክብብ አንድ ነገር የሚጠይቁት መስሎታል። ዳኛው ጀርባቸውን እንደሰጡ ሲቆዩ ጊዜ ቀስ ብሎ እጁን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተ።

ሩሐማ ዓይኗን ስታነሳ ከነዒማ ዓይን ጋር ተጋጨች። ነዒማ የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ በጨው ውኃ የበቀለ ባቄላዋን ይዛ እዚያው ጎን ካለው ጠረጴዛ ኋላ ቆማለች። አባቷም እናቷም ከወሎ የመጡ ናቸው። አማርኛ ትሰማለች፤ እያንዳንዷን ቃል።

ውጤቱ ሲነገር ሩሐማ ሁለተኛ ወጣች። በስቴት ደረጃ ወደሚደረገው ቀጣዩ ውድድር ከሚያልፉት አንዷ ሆነች። አዳራሹ ሲያጨበጭብ ከሁሉም ዘግይቶ ያቆመው አባቷ ነበር።

ወደ ቤት ሲሄዱ አባቷ ቁጥር አልጠየቃትም። መንገዱ ተጨናንቋል። ጥምጥሙን ፈትቶ የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጦታል፤ ጸጉሩ መሳሳቱ ዛሬ ጎልቶ ታያት። ብዙ ከሄዱ በኋላ፣

«እኔ የተናገርኩት ረዘም ያለ ነበር» አለ።

ሩሐማ መስኮቱን አየች።

«አንቺ ያልሽላቸው ደግሞ አጠረብኝ።»

«እንግሊዝኛ… አጭር ነው፣ አባዬ።»

ይህን ማለቷን ራሷ ማመን አቃታት። ይቆጣኛል ብላ ጠበቀች። እንዲያውም ቢቆጣት በተሻለ ነበር።

አባቷ ራሱን ነቀነቀ። «ይሆናል። ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ነው። ግዕዝ ቀላቀልኩብሽ። ደነገገ፣ ትውፊት፣ ሐሳበ ጨረቃ እያልኩ። እዚህ ያደግሽ ልጅ ከየት ታመጪዋለሽ? ሰው ፊት አስጨነቅኩሽ።» ፍሬን ያዘ፤ ከፊት ያለው መኪና እስኪሄድ ጠበቀ። «ይቅር በይኝ ልጄ። ለስቴቱ ጊዜ አስተካክለዋለሁ።»

ይቅር በይኝ! ሩሐማ ፊቷ ጋለ፣ ጆሮዋ ጋለ። «ኖ፣ አባዬ፣ ኢትስ ፋይን» አለች፤ ድምፅዋ ግን ለራሷም አልተሰማትም። ትውፊት የሚለውን ቃል ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ያስተማራት ደግሞ እሱ ነው።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ነዒማ ትሪዋን ይዛ መጥታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ለትንሽ ጊዜ ድንቿን ብቻ በላች።

«ኦኬ፣ ልጠይቅሽ» አለች በመጨረሻ። «አባትሽ ያን ሁሉ አውርተው፣ አንቺ ‹ፕራውድ› ብቻ? ሲሪየስሊ?»

«ሰማሽ እንዴ?»

«ወሎዬ ነኝ እኮ፤ ጆሮዬ ይሠራል።» ሹካዋን አስቀመጠች። «ያ መምህራቸው ያሏቸው ነገር… ቀና ማለት ኃጢአት አይደለም ያሉት… ላይክ፣ ሰውነቴን ነው የወረረኝ። ዳኛው ቢሰሙት አንደኛ ትወጪ ነበር፣ አይ ስዌር።»

«ምን እንድል ፈልገሽ ነው? ቸርች ነው የተማርኩት ልበል? ያን ልጅ ሲስቁበት አላየሽም?»

«አይቻለሁ። እኔም ስቄያለሁ። ግን እሱ ሲጠይቁት መልስ አልነበረውም። አባትሽ መልስ ነበራቸው። የተጠየቅሽውን ራሱን ነው የመለሱት።»

ሩሐማ ያላለቀ ምሳዋን ወደ ጎን ገፋች።

«እኔ ጻድቅ ነኝ አልልሽም» አለች ነዒማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አባቴ ረመዳን ሲገባ ከጓደኞቹ ጋር ግሮሰሪ ፓርኪንግ ውስጥ ቆሞ ጨረቃ ይፈልጋል። ሰው ሁሉ ሾፒንግ ካርቱን እየገፋ ያያቸዋል። እኔ መኪናው ውስጥ ጎንበስ ብዬ ነው የምቀመጠው። ግን ሩሒ፣ አባቴ ያያትን ጨረቃ እኔ ነኝ ያየኋት ብዬ አላውቅም።»

ይህቺ ነገር ገባቻት። ነዒማ ተቆጥታ አልነበረም የተናገረችው፤ ወዲያውም ስለ ሒሳብ ፈተናው ማውራት ጀመረች። ሩሐማ ግን ቀሪውን ቀን በሙሉ የሰው ዕቃ ኪሷ ውስጥ እንደያዘ ሰው ስትሳቀቅ ዋለች። በሰው ወርቅ አይደምቁ የሚለውን ተረት እናቷ የምትተርተው የጎረቤት ልብስ ተውሶ ሰርግ ስለሚሄድ ሰው ነበር። ለእሷ የተተረተ ነው ብላ አስባ አታውቅም።

እቤት ደግሞ ሌላ ነገር ጠበቃት። አባቷ ከመጋዘን ሲመለስ እንደወትሮው ሶፋው ላይ ጋደም አይልም። የደከመ እግሩን ባልዲ ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ ወረቀት ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጽፋል። ይሰርዛል። ማክሰኞም ይጽፋል። ረቡዕም።

«አባትሽ ምን ነክቶታል?» አለች እናቷ ውባየሁ፣ አረጋውያን ከምትንከባከብበት የነርሲንግ ሆም ሥራዋ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች። «ጽፎ ይቀዳል፣ ጽፎ ይቀዳል። ለእኔ ደብዳቤ ሲጽፍ እንኳ እንዲህ ተጨንቆልኝ አያውቅም።»

«የስቴቱን ንግግር ነው» አለ አባቷ ቀና ሳይል። «ለልጅቷ ቀለል እንዲላት።»

ሩሐማ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ትራሷን አቀፈች። እንባ ቢመጣ ደግ ነበር፤ አልመጣም። 

ሐሙስ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ላፕቶፗን ከፈተችና ለሳይንስ መምህሯ ለሚስ ዶርሲ ኢሜይል ጻፈች። አጭር ነበር። ቀመሩን ራሷ እንዳልሠራችው፣ አባቷ እንዳስተማራት፣ እሱም ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት እንዳገኘው፣ ፎርሙ ላይ «የለም» ያለችው ውሸት እንደሆነ ጻፈች። ሦስት ጊዜ አነበበችው። ‹ቤተ ክርስቲያን› የሚለውን አንዴ አጥፍታ ‹ባህላዊ› አለችው፤ መልሳ እንደነበረ አደረገችው። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ላከችው።

መልሱ ዓርብ መጣ። ሚስ ዶርሲ ስለነገረቻቸው አመስግነዋታል። ፎርሙ ይስተካከላል፤ ነገር ግን ጉዳዩን ለኮሚቴው ማሳወቅ ግዴታቸው ነው፤ ኮሚቴው የስቴቱን ቦታ ሊነጥቃት ይችላል። «አንድ ነገር ግን አልገባኝም» ይላል ኢሜይሉ። «የአምስት ቀኑ ግኝት የራስሽ ነው። የሚፈተነው እሱ ነበር፤ ብቻውንም ይበቃሽ ነበር። ለአባትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።»

ሩሐማ ላፕቶፑን ከደነችው። ትንሽ ቀለላት። ተናዘዘች፤ ከእንግዲህ የሚሆነው ይሁን። ቦታውን ቢነጥቋት ለቤተሰቡ «ውድድሩ ተሰረዘ» ትላለች፤ የእንግሊዝኛ ኢሜይል ማን ያነብባል? አባቷ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ነገሩም ይረሳል። የተናገረችው ለመምህሯ ነው፤ በእንግሊዝኛ ነው፤ በዚያው ያልቃል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባቷ ከምግብ ጠረጴዛው ጠራት። እናቷ ዕቃ ታጥባለች። ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት አለ። ሌሎቹ የተሰረዙት ወረቀቶች በአንድ ጎን ተደርድረዋል።

«በቃ፣ ጨረስኩት» አለ፣ እንደ ተማሪ ፈራ ተባ እያለ። «ግዕዙን ሁሉ አወጣሁት። ‹ደነገገ› የሚለውን ‹ወሰነ› አልኩት። ትውፊትን ‹ከአባት ወደ ልጅ የመጣ› አልኩት። አስቸጋሪ የመሰለኝን ቃል ደግሞ መጋዘን አብሮኝ የሚሠራውን እንድርያስን ጠይቄ እንግሊዝኛውን በአማርኛ ፊደል ከሥሩ ጻፍኩልሽ። እስቲ አንብቢው፤ የሚከብድሽ ካለ አሁኑኑ እንለውጠዋለን።»

ሩሐማ ወረቀቱን አነሳች። እውነትም ሁሉም ቀሏል። ‹ጨረቃ› ከሚለው ሥር «ሙን» ተብሎ ተጽፏል። ‹ቆጠራ› ከሚለው ሥር «ካውንቲንግ»። ‹መምህር› ከሚለው ሥር «ቲቸር»፤ ቲቸር የሚለውን ቃል አታውቅ ይሆናል ብሎ! የኔታ መክብብ አሉ፤ የጎደለችው ጨረቃ አለች። መጨረሻው ላይ «እኔ በዓይኔ ያየሁትን ልጄ ቆጠረችው» የሚለው እንዳለ ነው፤ እሱን አልነካውም።

«ቆንጆ ነው» ብትል ያበቃል። ሁለት ቃል ናት። አባቷ ደስ ብሎት ወረቀቱን ያጥፈዋል፤ እሷም ወደ ክፍሏ ትመለሳለች። ቃሏ ምላሷ ጫፍ ደርሳ ነበር።

«አባዬ» አለች።

«አቤት።»

«ያን ቀን አማርኛህ አልከበደኝም።»

ብዕሩን ይዞ፣ የሚስተካከል ቃል ትነግረኛለች ብሎ ይጠብቃል። ገና አልገባውም።

«ሁሉንም ሰምቼዋለሁ። ግዕዙንም። የኔታ ያሉህንም። አንድም የከበደኝ ቃል አልነበረም።»

ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ቆመ። እናቷ ቧንቧውን ዘጋች።

«ታዲያ» አለ አባቷ ቀስ ብሎ፣ «ምን ነበር የከበደሽ?»

በእንግሊዝኛ ብትናገረው እንዴት በቀለላት። እዚህ ግን የሚያስተረጉም የለም።

«በአንተ አፍሬ ነው» አለች።

አባቷ መነጽሩን አወለቀና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ያለ መነጽር ፊቱ ባዶ መሰለ። ሩሐማ እግሯ ወደ ክፍሏ ሊወስዳት ፈልጎ ነበር። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ከዚያ ፎርሙ ላይ የጻፈችውን፣ ለዳኛው ያለችውን፣ አሥር ሰዓት ብላ የዋሸችውን፣ ኮሚቴው ሊወስን የሚችለውን፣ አንድም ሳታስቀር ከመጀመሪያው ትነግረው ጀመር።